የተዘጋው በር፦ ስለ ኢትዮጵያ በረኞችና ስለ ጥር 13

በአማርኛ የእግር ኳስ ቋንቋ የግቡን አፍ የሚጠብቀው ሰው ሁለት ስም አለው። በጋዜጣና በራዲዮ «ግብ ጠባቂ» ይባላል፤ በሜዳው ዳርና በሰፈር ወሬ ግን «በረኛ» ነው። ይህ ሁለተኛው ስም ዕድሜው ከኳሱ ይበልጣል። በረኛ በባላባቱ ደጅ ቆሞ ገቢና ወጪውን የሚቆጣጠር፣ ቤቱ ሰላም ሲያድር ማንም የማያመሰግነው፣ አንድ ሌሊት ሌባ ቢገባ ግን በማለዳ ተጠርቶ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ከሞያሌ ኬላ ወዲህና ወዲያ ለምንኖር ሰዎች ይህ አሰያየም እንግዳ አይደለም። በስዋሂሊም ያው ተጫዋች «ምሊንዳ ላንጎ»፣ ማለትም የደጅ ጠባቂ ይባላል፤ ሲያሳጥሩት «ኪፓ» ይሉታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ነገር የተስማሙ ይመስላል፤ የዚህ ሰው ሥራ የሚታወቀው በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ነው።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክም ሲነገር የኖረው በዚሁ ዓይን ነው። ያገባነውን እንቆጥራለን፤ ያገቡትንም በስማቸው እንጠራለን። ያልገባብንን ግን የሚቆጥር የለም። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ከሌላው ወገን፣ ከራሳችን ግብ አፍ ሆነን ለመመልከት እንሞክራለን።

ስምንት ግብ በሁለት ጨዋታ

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1957፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም.፣ ካርቱም ላይ ለተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመድባ ሳለ፣ የዘር መድልዎ መንግሥት ያለባት ያቺ አገር ከውድድሩ በመውጣቷ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም ግብፅ 4ለ0 አሸነፈቻት፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1951 ዓ.ም.፣ በካይሮ ሁለቱ አገሮች እንደገና ተገናኙ። ውጤቱ አልተለወጠም፤ ግብፅ 4፣ ኢትዮጵያ 0። በዚያ ቀን ሦስቱን ያገባው ማህሙድ ኤል-ጎሃሪ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 አሠልጣኝ ሆኖ ለግብፅ ዋንጫውን ያስገኘውም እሱ ነው።

እንግዲህ በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች ግብፅ በኢትዮጵያ ላይ ስምንት ግብ አስቆጥራ አንድም አልተቆጠረባትም። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ሲወሰን አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማና ጓዶቻቸው ከፊታቸው የነበረው ጥያቄ እንዴት እናገባለን የሚል ብቻ አልነበረም። እንዴትስ በሩን እንዘጋለን የሚለው ቢያንስ እኩል ክብደት ነበረው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1962፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የፍጻሜው ጨዋታ ተደረገ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4ለ2 ረትታ መጥታለች። ተጋጣሚዋ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የምትጫወተው፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ያነሣችው ግብፅ ነበረች። በኢትዮጵያ ግብ መካከል የቆመው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነው። ከፊቱ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድና ተስፋዬ ገብረመድኅን ተሰልፈዋል።

የጨዋታው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ባደዊ አብደል ፈታህ በ35ኛው ደቂቃ ለግብፅ አገባ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ገና በደስታ ሲናወጥ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው ባደዊ ሁለተኛውን ጨመረ። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ጨዋታው 4ለ2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ግርማ፣ ሉቺያኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ፤ እነዚህን አራት ስሞች ኳስ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በቃሉ ይላቸዋል።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ጨዋታ በሌላ ሒሳብ እንቁጠረው። ኳስ ጠባቂን ከሚሰብሩ ግቦች ሁሉ ከባዷ ቡድኑ አቻ በሆነ በሚቀጥለው ደቂቃ የምትገባ ናት። በ75ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ ላይ የገባችው እንዲህ ያለች ግብ ነበረች። ያለፉትን ሁለት ጨዋታዎች ውጤት የሚያስታውስ ሰው በዚያች ደቂቃ ሦስተኛውንና አራተኛውን መጠበቁ አይቀርም ነበር። አልመጡም። ከ75ኛው እስከ 120ኛው ደቂቃ ያለው ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ሙሉ አጋማሽ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የኢትዮጵያ በር አልተከፈተም። ከ84ኛው ደቂቃ በፊት ግብፅ አንዲት ግብ ብትጨምር ኖሮ የሉቺያኖ ግብ አቻ አታደርግም፤ ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ኢታሎና መንግሥቱም ያገቡበት ሰዓት አይመጣም ነበር።

በዚያ ዘመን ደግሞ ለደከመ ወይም ለተጎዳ ሰው መተኪያ ማግኘት እንደዛሬው ቀላል አልነበረም። በዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ ተጫዋች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሁለት ጊዜ የተቆጠረበት በረኛ መንፈሱን ሰብስቦ፣ የቀረውን ደቂቃ ያለ ስሕተት መጨረስ ነበረበት። ጊላሚካኤልና ተከላካዮቹ ያንን አደረጉ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ አራት ያገቡ ሰዎችና አርባ አምስት ደቂቃ የዘጉ ሰዎች በጋራ ያመጡት ነው። የመጀመሪያዎቹ በስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል፤ የኋለኞቹ ግን በቡድን ፎቶግራፍ ላይ ብቻ ቀሩ።

የአንዲት ኳስ ፍርድ

ይህ አድልዎ የእኛ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ዋንጫ ባነሣችበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1962፣ ከወራት በኋላ፣ በቺሊ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የሶቪየት ኅብረቱ ሌቭ ያሺን ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ያሺን በጦርነቱ ዘመን በልጅነቱ በፋብሪካ የሠራ፣ ከ1950 እስከ 1970 ለአንድ ክለብ፣ ለዲናሞ ሞስኮ፣ ብቻ የተጫወተ፣ በ1956 የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ1960 የአውሮፓ ዋንጫ ያገኘ ሰው ነበር። በቺሊ ግን ቡድኑ ኮሎምቢያን 4ለ1 ሲመራ ቆይቶ 4ለ4 ወጣ። ከተቆጠሩበት አንዷ ማርኮስ ኮል በቀጥታ ከማዕዘን ምት ያስገባት ስትሆን፣ በወንዶች የዓለም ዋንጫ በዚህ ዓይነት የተቆጠረች እስከ ዛሬ ብቸኛዋ ግብ ናት። በሩብ ፍጻሜው ደግሞ ሶቪየት ኅብረት በአስተናጋጇ በቺሊ 2ለ1 ተሸነፈች። ነቀፋው ሁሉ በያሺን ላይ ወረደ፤ ዘመኑ አለቀ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1963፣ ያው ያሺን የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ ተሸለመ። ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ሽልማት ያገኘ በረኛ የለም።

የያሺን መጨረሻ አማረ። የብራዚሉ ሞአሲር ባርቦሳ ግን ያንን ዕድል አላገኘም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1950 በማራካኛ ስታዲየም የኡራጓዩ ጊጂያ በ79ኛው ደቂቃ ያገባበት አንዲት ኳስ የሕይወቱ ፍርድ ሆነች። ባርቦሳ በ2000 እስኪሞት ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በአገሩ ያች ኳስ ስትነሣ የሚነሣው የእሱ ስም ነበር። በተመሳሳይ ሙያ በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት በችሎታቸው ብቻ አልነበረም። አንደኛው ከስሕተቱ በኋላ እንደገና እንዲቆም ጊዜ ተሰጠው፤ ለሌላው ግን የሕዝቡ ቁጣ አልበረደም።

በእኛው አህጉር የበረኛን ሥራ ወደ ክብር ያወጣው የካሜሩኑ ቶማስ ንኮኖ ነው። በ1979 እና በ1982 የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በስፔን በተደረገው የ1982 የዓለም ዋንጫ ካሜሩን ከፔሩ፣ ከፖላንድና በመጨረሻ ዋንጫውን ካነሣችው ከጣሊያን ጋር ተጫውታ በሦስቱም አቻ ወጣች፤ በሦስት ጨዋታ የተቆጠረባት አንድ ግብ ብቻ ነበር። ጣሊያናዊው ጃንሉዊጂ ቡፎን በልጅነቱ ንኮኖን አይቶ በረኛ መሆንን እንደመረጠ ተናግሯል፤ ለልጁም የንኮኖን ስም አውጥቷል። አንድ አፍሪካዊ በረኛ ለጣሊያን ልጅ አርአያ ሊሆን የቻለው አገሩ በሩን ለእሱ አምና ለዓመታት ስለተወችለት ነው።

ሌላው ጥር 13

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። የተመለሰችውም በተዘጋ በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በማጣሪያው ሱዳን ሄዳ 5ለ3 ተሸነፈች፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመልሱ ጨዋታ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው 2ለ0 አሸነፈች። ድምሩ 5ለ5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች አለፈች። ሱዳን በዚያ ቀን አንዲት ግብ ብታገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ደስታ አይኖርም ነበር።

የመጀመሪያው የምድብ ጨዋታ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተደረገ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ነበር፤ በእኛም አቆጣጠር ጥር 13። ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን መሆኑ ነው። ያ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የበረኞች ጨዋታ ሆነ። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት የዛምቢያው ኬነዲ ምዌኔ አዳነው። ቀጥሎ የኢትዮጵያው ጀማል ጣሰው ከግቡ ወጥቶ ኳስ ለማራቅ ሲሮጥ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨና በ36ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገባ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባበት።

ብዙ ተመልካች ይህን ሲያይ ጨዋታው እንዳለቀ ቆጥሮታል። ሆኖም አሥር ሰው ይዛ ሁለተኛውን አጋማሽ የጀመረችው ኢትዮጵያ በ65ኛው ደቂቃ በአዳነ ግርማ አቻ ሆነች፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካም ሳይገባባት ወጣች። ይህም አርባ አምስት ደቂቃ ነው። በጥር 13 ሁለት ጊዜ፣ በግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት፣ የኢትዮጵያ በር በአስጨናቂው ሰዓት አንድ ሙሉ አጋማሽ ተዘግቶ ቆየ። በመጀመሪያው ዋንጫ ተገኘ፤ በሁለተኛው ደግሞ አንድ ነጥብ።

የቀረው ውድድር አልቀና አለ። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4ለ0 አሸነፈች። ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሲሳይ ባንጫ ግቡን ይዞ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ አስከብሮ ቆየ። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ በፍፁም ቅጣት ምት አገባ፤ ወደ ማብቂያው ሲሳይ ራሱ በቀይ ካርድ ወጣ። የመቀየሪያ ዕድሉ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ሕንፃ የበረኛውን ማሊያ ለብሶ ሁለተኛውን ፍፁም ቅጣት ምት ለመመለስ ቆመ፤ ሞሰስ አገባበት። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኞችና አንድ አማካይ በአንድ ግብ አፍ ቆሙ ማለት ነው።

በማግስቱ የተሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ቀይ ካርዶቹ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሁሉም ጀማል መውጣት እንዳልነበረበት፣ ሲሳይ መታገሥ እንደነበረበት ያውቅ ነበር። የዘሪሁን አርባ አምስት ደቂቃ ግን በወሬው ውስጥ ቦታ አላገኘችም። ግብ ጠባቂ በአንድ ስሕተት ብቻ ሊመዘን እንደማይገባ ግን ያው ዓመት ሌላ ምሳሌ ሰጥቷል። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በኃይሉ አሰፋ ከመስመር ያሻማት ኳስ በቪንሰንት ኢንየማ አናት ላይ አልፋ ገባች። ኢንየማ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣ፣ ለናይጄሪያ ከመቶ ጨዋታ በላይ የተሰለፈ በረኛ ነው። ጨዋታውን ናይጄሪያ 2ለ1 አሸነፈች፤ ኢንየማም በሚቀጥለው ዓመት በብራዚል የዓለም ዋንጫ ላይ በዚያው ቦታ ቆመ። የአዲስ አበባዋን ኳስ አንሥቶ ዛሬ የሚከስሰው የለም።

ከኬላ ማዶ የመጡ በረኞች

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እኛን የድንበር ሰዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ዘሪሁን ታደለ በክለቡ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቦታ የሚሻማው ከኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንግካራ ጋር ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ኦዶንግካራ የክለቡ በረኛ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ጅማ አባ ጅፋር ጋናዊውን ዳንኤል አጄይን፣ በ2011 ዓ.ም. ያሸነፈው መቐለ 70 እንደርታ የኢኳቶሪያል ጊኒውን ፊሊፕ ኦቮኖን ይዘው ነበር።

ከኬንያም የመጣ አለ። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር ኢትዮጵያና ኬንያ 0ለ0 ሲለያዩ የኬንያን ግብ የጠበቀው ፓትሪክ ማታሲ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ናይሮቢ ላይ ኬንያ 3ለ0 አሸነፈች። ብዙም ሳይቆይ ማታሲ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረመ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ሳለ፣ ሰኔ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. በግብፅ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የሴኔጋሉን የሳዲዮ ማኔን ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ። ኬንያ 3ለ0 ብትሸነፍም፣ በኬላው በሁለቱም ወገን የሚኖር ሰው ያችን ኳስ የእኔ ናት ለማለት ምክንያት ነበረው።

በረኞች ድንበር መሻገራቸው የሚያስከፋ አይደለም። ንኮኖም ከካሜሩን ወጥቶ በስፔን ለኤስፓኞል ተጫውቷል። ነገር ግን የበረኛ ቦታ ከሌላው ቦታ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አጥቂ ወይም አማካይ ከውጭ ቢመጣ ለአገሬው ልጅ ሌላ ቦታ ይተርፈዋል፤ ተቀይሮም ይገባል። ግብ አፍ ላይ ግን የሚቆመው አንድ ብቻ ነው፤ በጨዋታ መካከል የሚቀየረውም ሲጎዳ ወይም ሲባረር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትልልቆቹ ክለቦች ከውጭ ባስመጡ ቁጥር የአገሬው በረኛ ልምምድ እየሠራ ዓመቱን በወንበር ላይ ይጨርሳል። ከወንበር ተነሥቶ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ሲቆም ደግሞ ያላገኘውን ልምድ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በአንድ በኩል ዕድል ነፍገን፣ በሌላ በኩል ፍርድ እንቸኩላለን።

እንደዚያም ሆኖ ሥራው አልተቋረጠም። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተከፈተው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስትጫወት ያሬድ ባዬ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ጁሊዮ ታቫሬስ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል አገባ። ከዚያ በኋላ ተክለማርያም ሻንቆ ከፊቱ ዘጠኝ ሰው ብቻ ይዞ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ግቡን ሳያስደፍር ጨረሰ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው 1ለ0 ተሸነፈች የሚል ነው። እኛ ግን እዚህ ሦስተኛ አርባ አምስት ደቂቃ እንቆጥራለን።

በቡቲዬ አቧራማ ሜዳም ሆነ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ግብ አፍ ላይ የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ ታናሹን ወይም ኳስ አይችልም የሚሉትን ነው። ልጁም ግብ ሲገባበት ይሰደባል፤ ሲያድን ግን ጓደኞቹ ኳሷን ተከትለው ወደ ፊት ስለሚሮጡ የሚያየው የለም። ምናልባት ታሪካችንን እንዲህ አድርገን የጻፍነው ከዚያው ከልጅነት ሜዳ ይዘነው የመጣነው ልማድ ስላለ ይሆናል። ጥር 13 በየዓመቱ ጥምቀትን ተከትሎ ይመጣል፤ የአራቱ አግቢዎች ስምም እንደ ልማዱ ይነሣል። ያን ቀን ከእነሱ ጋር ጊላሚካኤል ተክለማርያምን የሚያነሣ ሰው ቢገኝ፣ ከ75ኛው እስከ 120ኛው ደቂቃ ስለተሠራው ሥራ የዘገየ ምስጋና ይሆናል።